በዘላቂ የምግብ ሥርዓት ፖሊሲ ሥራ ለመጀመር የትኛው ሥልጠና ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

«ዘላቂ የምግብ ሥርዓት» የሚለው ሐረግ ዛሬ በማስተርስ ፕሮግራሞች፣ በበይነ መረብ ኮርሶች፣ በሁለት ሳምንት ሰርተፍኬቶችና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ሁሉ ይገኛል። ስለዚህ ወደ ፖሊሲ ሥራ ለመግባት ያሰበ ሰው ስሙን ብቻ ተከትሎ ቢመዘገብ፣ ራሱን በአፈር ቤተ ሙከራ ውስጥ ወይም አዲስ የምግብ ምርት ለገበያ ለማቅረብ በሚጣጣሩ ጀማሪ ነጋዴዎች መካከል ሊያገኘው ይችላል። ሁለቱም ጠቃሚ ትምህርቶች ናቸው፤ ሕግ፣ በጀትና ደንብ ወደሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ግን በቀጥታ አያደርሱም።

በዚህ መመሪያ ስድስት ዓይነት አማራጮች በተመሳሳይ መስፈርት ይመዘናሉ። የተቋማት ስም የሚነሳው ለምሳሌ እንጂ ለማሞገስ አይደለም፤ ዓመቶቹም ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከመነሻው አቋሜን ልግለጽ፦ ሥልጠናዎችን ከሁሉ በላይ የሚለየው ጥያቄ ሠልጣኙ ሲጨርስ ምን ዓይነት ጽሑፍ በእጁ ይቀራል፣ ያንን ጽሑፍስ ማን አንብቦ አርሞታል የሚለው ነው። የፖሊሲ ባለሙያ ከሁሉ በፊት ለውሳኔ ሰጪ የሚጽፍ ሰው ነውና።

## ሥራው በእርግጥ ምን ይጠይቃል?

መስፈርት ከማውጣት በፊት ሥራውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ሜክሲኮ በጥር 2014 ስኳር በተጨመረባቸው መጠጦች ላይ በሊትር 1 ፔሶ ታክስ ጣለች። ይህን ሐሳብ ወደ ሕግ ያደረሱት ሰዎች ዋጋው ሲጨምር ፍጆታው በምን ያህል እንደሚቀንስ፣ የትኛው የገቢ ክፍል ይበልጥ እንደሚነካና መንግሥት ምን ያህል ገቢ እንደሚያገኝ ማስላትና መከራከር ነበረባቸው። ቺሊ በ2016 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ስኳር፣ ሶዲየም፣ የጠገበ ስብ ወይም ካሎሪ የበዛባቸው የታሸጉ ምግቦች ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍባቸው አደረገች። እዚህ የተፈለገው ዕውቀት «የበዛ» የሚለውን ቃል በቁጥር ወስኖ በደንብ አንቀጽ ማስፈርና ከንግድ ስምምነቶች አንጻር መከላከል ነው። ብራዚል ደግሞ በ2009 ባወጣችው ሕግ የፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ ገበሬዎች ለሚገዛ ምግብ እንዲውል ደነገገች። የዚህ ሕግ ቁልፉ ሥነ ምግብም አፈርም አይደለም፤ አነስተኛ ገበሬዎች በተለመደው ጨረታ መወዳደር ስለማይችሉ የግዥ ሥርዓቱን ለእነርሱ እንዲመች አድርጎ መቅረጽ ነው።

ሦስቱም የምግብ ሥርዓት ፖሊሲዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የታክስ ኢኮኖሚክስ፣ ሌላው የሕግና የሥነ ምግብ፣ ሦስተኛው የመንግሥት ግዥ ዕውቀት ጠይቀዋል። አንድ ሥልጠና ሁሉንም ሊሰጥ አይችልም፤ አመልካቹም ሁሉንም መፈለግ የለበትም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚወሳሰበው ምግብ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ ስለማይገኝ ነው። በዓለም ላይ ለሰው አገልግሎት ከሚቀዳው ጣፋጭ ውኃ 70 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ግብርና ነው፤ ከአጠቃላይ የግሪንሃውስ ጋዝ ልቀት አንድ ሦስተኛ ገደማው ደግሞ ከምግብ ሥርዓት ይመነጫል። አገሮች በምግብ ጉዳይ የሚደራደሩበትን የዓለም የምግብ ዋስትና ኮሚቴን የሚያማክረው የከፍተኛ ባለሙያዎች ቡድን በ2020 ባወጣው ሪፖርት መገኘት፣ ተደራሽነት፣ አጠቃቀምና መረጋጋት በሚባሉት በአራቱ የምግብ ዋስትና ምሰሶዎች ላይ ሁለት እንዲጨመሩ ሐሳብ አቅርቧል፤ እነርሱም ሰዎች ስለ ምግባቸው ራሳቸው የመወሰን ዐቅማቸውና ዘላቂነት ናቸው። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ለግብርና፣ ለጤና፣ ለንግድ፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች በየቋንቋቸው መጻፍ ሊኖርበት ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ጀማሪዎችን የሚፈትነው የገንዘብ ሚኒስቴሩ አንባቢ ነው፤ መልካም ዓላማን አንብቦ አልፎ «ስንት ይፈጃል፣ ከየትኛው የበጀት መደብ ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃልና።

## አምስቱ መስፈርቶች

የመጀመሪያው ከላይ የጠቀስኩት የጽሑፍ መስፈርት ነው። ሥልጠናው የሁለት ገጽ የፖሊሲ ማስታወሻ፣ በረቂቅ ሕግ ላይ የተሰጠ አስተያየት፣ የተጽዕኖ ግምገማ ወይም የበጀት ትንተና ያስጽፋል? ወይስ ምዘናው በምርጫ ጥያቄና በቡድን ፖስተር ያበቃል? ይህን ለማወቅ የፕሮግራሙን ማስታወቂያ ትቶ የእያንዳንዱን ኮርስ የምዘና መግለጫ ማንበብ ይበቃል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በይፋ ያወጡታል፣ ያላወጡትም ሲጠየቁ ይልካሉ።

ሁለተኛው የትንተና ዘዴ ነው። ስታቲስቲክስ፣ ወጪና ጥቅምን ማመዛዘን፣ የሕግ ትንተና፣ ቃለ መጠይቅን በሥርዓት መተንተን፣ የምርትን የሕይወት ዑደት መመዘን፤ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን ራሱን ችሎ መሥራት የሚያስችል ጥልቀት ሊሰጥ ይገባል። «የሥርዓት አስተሳሰብ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ዘዴ አይደለም። ሐረጉ በኮርስ ዝርዝር ውስጥ አምስት ጊዜ ተጠቅሶ ስታቲስቲክስ አንድ ጊዜ እንኳ ካልተነሳ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ለውሳኔ ቦታ ያለው ቅርበት ነው። ይህ በአካል ብቻ አይለካም። ሮም ውስጥ የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ)፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ (ኢፋድ) ስላሉ በከተማዋ መማር ጥቅም አለው፤ ሆኖም በማዘጋጃ ቤት የምግብ ጉዳይ ክፍል ውስጥ የሦስት ወር ልምምድ የሚያስገኝ ሌላ ፕሮግራም ሊበልጥ ይችላል። ከ2015ቱ የሚላን የከተሞች የምግብ ፖሊሲ ስምምነት ወዲህ ከ200 በላይ ከተሞች ፈርመዋልና፣ ከተማ የጀማሪ መግቢያ በር መሆኗን ብዙ አመልካቾች ይዘነጉታል።

አራተኛው ሙሉ ወጪ ነው። የትምህርት ክፍያው የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ኪራይ፣ ቪዛ፣ ለቪዛ በባንክ መታየት ያለበት ገንዘብ፣ የቋንቋ ፈተና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በትምህርቱ ዘመን የሚቀር ደመወዝ ይደመራሉ። የሁለት ዓመትና የአንድ ዓመት ማስተርስ ሲነጻጸሩ ልዩነቱን የሚያሰፋው ብዙ ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው።

አምስተኛው ዕውቅናና ብቁነት ነው። ማስተርስን እንደ ዝቅተኛ መመዘኛ በሚጠይቅ ቀጣሪ ፊት አሥር ሰርተፍኬት አንድ ዲግሪ አይሆንም። በሌላ በኩል የዕድሜ ገደብ፣ ዜግነትና የሥራ ልምድ አንዳንዱን በር ሳይንኳኳ ይዘጉታል፤ ስለዚህ ከመመኘት በፊት ብቁነትን ማጣራት ጊዜ ይቆጥባል።

## አማራጮቹ በመስፈርቶቹ ሲታዩ

### ነጻ የበይነ መረብ ኮርሶች

የፋኦ የኢ-ለርኒንግ አካዳሚ በተለያዩ ቋንቋዎች ነጻ ኮርሶች ያቀርባል፤ አብዛኞቹ በጥቂት ሰዓታት የሚያልቁ ሲሆኑ የመጨረሻ ፈተናውን ላለፈ ዲጂታል ባጅ ይሰጣል። በተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት መፍትሔዎች መረብ ሥር ያለው ኤስዲጂ አካዳሚም በግብርና፣ በሥነ ምግብና በዘላቂነት ላይ ሳምንታት የሚፈጁ ኮርሶች አሉት። እነዚህ የመስኩን ቃላት፣ የተቋማቱን አሠራርና መሠረታዊ መረጃዎችን ለማወቅ በቂ ናቸው። በመጀመሪያው መስፈርት ግን ይወድቃሉ፤ ሠልጣኙ የጻፈውን ቁጭ ብሎ የሚያርም ሰው የለምና።

ትልቁ ጥቅማቸው ማጣሪያ መሆናቸው ነው። ስለ ምግብ ዋጋ መረጃ ወይም ስለ ገበያ ትንተና የሚያስተምር የአምስት ሰዓት ኮርስ ገና በሁለተኛው ምሽት የሰለቸው ሰው፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ከመጀመሩ በፊት ይህን ማወቁ ብዙ ገንዘብ ያድንለታል።

ከኮርሶቹ ይልቅ እኔ የምመክረው ሌላ ነጻ ትምህርት አለ። የዓለም የምግብ ዋስትና ኮሚቴ የድርድር ሰነዶቹን በይፋ ያወጣል። ለምሳሌ በ2021 የጸደቀውን በምግብ ሥርዓትና በሥነ ምግብ ላይ ያተኮረ በፈቃደኝነት የሚፈጸም መመሪያ ቀደም ካሉት ረቂቆቹ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ፣ አገሮች በየትኛው ቃል ላይ እንደተጨቃጨቁና የትኛው አንቀጽ እንደለዘበ በግልጽ ያሳያል። በድርድር ጽሑፎች ውስጥ ያልተስማሙበት ቃል በማዕዘን ቅንፍ ይታሰራል፤ በመጨረሻው ሰነድ ላይ ቅንፉ ሲጠፋ የተረፈው ቃል የማን እንደሆነ መፈለግ የትኛውም ቪዲዮ የማይሰጠው ልምምድ ነው።

### አጫጭር የሙያ ሰርተፍኬቶች

ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ወር የሚቆዩት እነዚህ ሥልጠናዎች የታሰቡት በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ነው፤ ዋጋቸውም በጊዜያቸው ልክ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከማስተርስ ይበልጣል። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ በአንዱ ለሁለት ሳምንት ተቀምጬ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስላይድ ተመልክተን፣ የቡድን ፎቶ ተነሥተን፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳንጽፍ ተለያየን። በሌላ በኩል የሥራ ባልደረባዬ የሄደችበት ሥልጠና ተሳታፊዎች ከመሥሪያ ቤታቸው እውነተኛ ረቂቅ ይዘው እንዲመጡ ያስገድድ ነበርና የተመለሰችው በታረመ ሰነድ ነው። ስለዚህ ለዚህ አማራጭ ወሳኙ ጥያቄ «የራሴን ሥራ ይዤ መምጣት እችላለሁ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው አብረው የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ማወቅ ነው፤ በዘርፉ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች የሞሉበት ክፍል ከትምህርቱ ይልቅ በትውውቁ ይጠቅማል። ሥራ ለሌለው አዲስ ተመራቂ ግን ይህ ገንዘቡን የማይመልስ አማራጭ ነው።

### በምግብ ፖሊሲ ላይ ያተኮረ ማስተርስ

ይህ ቡድን በስሙ አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት ቤተሰቦች አሉ። አንደኛው ከምርትና ከአካባቢ የሚነሣ ሲሆን ሥሩ በግብርና ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ በ1918 ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሆነው የኔዘርላንድሱ ቫኽኒንገን ለዚህ ይጠቀሳል። ሁለተኛው ከሥነ ምግብና ከጤና የሚነሣ ነው፤ በ1981 የተመሠረተው የአሜሪካው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የፍሪድማን ትምህርት ቤት በስሙ ውስጥ የሥነ ምግብ ሳይንስንና ፖሊሲን አጣምሯል። ሦስተኛው ምግብን እንደ አስተዳደርና እንደ ሥልጣን ጉዳይ የሚያይ ነው፤ በ1994 የተቋቋመውና ዛሬ በሲቲ ሴንት ጆርጅስ፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የምግብ ፖሊሲ ማዕከል ከዚህ ወገን ነው። ፕሮግራሞች በየዓመቱ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ስማቸውንም ይለውጣሉ፤ ስለዚህ የቤተሰቡን ጠባይ ማወቅ የአንዱን ፕሮግራም ስም ከመሸምደድ ይሻላል።

አመልካች ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ የጎደለውን መሙላት እንጂ ያለውን መድገም የለበትም። የግብርና ምሩቅ ከምርት የሚነሣውን ቤተሰብ ከመረጠ የሚያውቀውን በሚያምር ስም ደግሞ ይማራል፤ ለእርሱ ሦስተኛው ይበልጥ ይከፍታል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሩቅ ግን ንጥረ ነገር፣ ምርታማነትና የድኅረ ምርት ብክነት ምን እንደሆኑ ሳያውቅ ስለ ምግብ አስተዳደር ቢከራከር ባለሙያዎች በመጀመሪያው ስብሰባ ይለዩታል።

በጊዜ ረገድ በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት 60 ክሬዲት አንድ የትምህርት ዓመት ሲሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይቆጠራል። የቫኽኒንገን ማስተርስ 120 ክሬዲት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ነው፤ በብሪታንያ ግን አብዛኛው ማስተርስ በአንድ ዓመት ያልቃል። አጭሩ ደመወዝ የሚቀርበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ረጅሙ ደግሞ ለተግባር ልምምድና ለጠለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ ቦታ ይሰጣል። የመጀመሪያ ሥራውን ለሚፈልግ ሰው ልምምዱ ያለበትን እመርጣለሁ፤ ሥራ ላለው ግን አጭሩን።

የነጻ ትምህርት ዕድልም ብቁነትን ተከትሎ ይለያያል። በብሪታንያ መንግሥት የሚደገፈው ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ የሚሰጥ ሲሆን የሁለት ዓመት፣ ማለትም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከትምህርቱ በኋላም ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ) ከልማት ጋር ለተያያዙ ፕሮግራሞች የሚሰጠው ድጋፍም በአብዛኛው ከሁለት ዓመት ያላነሰ ልምድ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ግን ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች የሚማርባቸው የጋራ ማስተርሶችን ይደግፋል፤ ከ2021 ወዲህ ለተመረጡ ተማሪዎች በወር 1,400 ዩሮ ቢበዛ ለ24 ወራት ይከፍላል። ልምድ የሌለው አዲስ ተመራቂ መጀመሪያ ይህንን ሊመለከት ይገባል።

### አጠቃላይ የፖሊሲ፣ የኢኮኖሚክስ ወይም የሕግ ማስተርስ

ስሙ ምግብን ስለማይጠራ ብዙዎች ያልፉታል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የሚሻለው ይህ ነው ባይ ነኝ። በሕዝብ ፖሊሲ ወይም በግብርና ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ውስጥ የሚገኘው የበጀት፣ የስታቲስቲክስና የተጽዕኖ ግምገማ ጥልቀት በስም ዘላቂ ከሆኑ ፕሮግራሞች በአብዛኞቹ አይገኝም። የሜክሲኮውን ታክስ ወይም የብራዚሉን ግዥ ደግመው ያስቡ፤ ሁለቱንም ለመሥራት የሚያስፈልገው መሣሪያ ከዚህ ቤት ነው የሚወጣው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የኮርስ ሥራዎቹንና ልምምዱን ሁሉ በምግብ ጉዳይ ላይ ካደረገ፣ ሲጨርስ በእጁ የሚኖረው ሦስት ወይም አራት የምግብ ፖሊሲ ጽሑፍና የትም የሚያሠራ ዲግሪ ነው። ሐሳቡን ቢለውጥም የሚወድቅበት ሰፊ መሬት አለው።

ጉድለቱ ብቸኝነት ነው። ክፍሉ ውስጥ ስለ ምግብ የሚያስብ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል፤ መምህሩም ስለ ሥነ ምግብ ላያውቅ ይችላል። ይህን ለመሙላት ከምግብ ወይም ከግብርና ትምህርት ክፍል ሁለተኛ አማካሪ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

### ፌሎሺፖችና የተግባር ልምምዶች

በመጀመሪያውና በሦስተኛው መስፈርት ከፍተኛ ውጤት የሚያገኘው ይህ አማራጭ ነው። ረሃብን ለማስወገድ የሚሠራው የአሜሪካው ድርጅት ኮንግረሽናል ሀንገር ሴንተር የሚያካሂደው የኤመርሰን ፌሎሺፕ ሠልጣኙን መጀመሪያ በማኅበረሰብ ድርጅት፣ ከዚያም በዋሽንግተን በፖሊሲ ተቋም ይመድበዋል፤ ችግሩን መሬት ላይ ካየ በኋላ ወደ ሕግ ጠረጴዛ መውሰዱ ሌሎችም ሊቀዱት የሚገባ አሠራር ነው። ኢንተርንሺፖች በክፍያ ይለያያሉ፤ በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው ክፍያ የለውም፣ ፋኦና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ግን ወርኃዊ ድጎማ ይሰጣሉ። ያለ ክፍያ በውድ ከተማ ስድስት ወር መቀመጥ የሚችለው ቤተሰቡ የሚደግፈው ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት የምቾት ጉዳይ ሳይሆን ማን ወደ መስኩ እንደሚገባ የሚወስን ነው።

ልምምድ ሲቀበሉ የሥራ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። «ስብሰባዎችን ማስተባበርና ማኅበራዊ ሚዲያን መደገፍ» የሚል ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ የሚጻፍ ነገር አይኖርም።

### የዓለም አቀፍ ድርጅቶች የጀማሪ ባለሙያ መግቢያዎች

የተባበሩት መንግሥታት የወጣት ባለሙያዎች ፕሮግራም ዕድሜያቸው በማመልከቻው ዓመት ከ32 ላልበለጠ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸውና እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ለሚናገሩ የተሳታፊ አገሮች ዜጎች የሚሰጥ ፈተና ነው፤ የተሳታፊ አገሮችና የሙያ መስኮች ዝርዝር በየዓመቱ ይለዋወጣል። የጁኒየር ፕሮፌሽናል ኦፊሰር መርሐ ግብር ደግሞ ለጋሽ መንግሥታት በአብዛኛው ለራሳቸው ዜጎች የሚከፍሉበት ነው፤ ጥቂቶቹ ብቻ ለታዳጊ አገሮች ዜጎችም ቦታ ይሰጣሉ። በ1970 የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም የመኖሪያ አበል እየከፈለ ያሰማራል፤ ከ18 እስከ 26 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የተለየ ምድብ አለው፣ በእኔ ግምትም ከሦስቱ ለጀማሪ የሚቀርበው ይኸኛው ነው።

እነዚህ ደመወዝ ወይም አበል ያላቸው ሥራዎች እንጂ ሥልጠናዎች አይደሉም፤ ውድድራቸውም ከባድ ስለሆነ ብቸኛ ዕቅድ ሊሆኑ አይገባም። ዶክትሬትን በተመለከተ ባጭሩ፦ ምርምርን ለሚወድ ሰው መልካም ነው፤ የፖሊሲ ሥራ ለመጀመር ግን አያስፈልግም።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ጊዜ | ሙሉ ወጪ | ታርሞ የሚቀር ጽሑፍ | የትንተና ዘዴ | ለውሳኔ ቦታ ቅርበት | ዕውቅናና ዋና ገደብ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ነጻ የበይነ መረብ ኮርስ | ከሰዓታት እስከ ሳምንታት | የለም ማለት ይቻላል | የለም | መግቢያ ብቻ | የለም | ዲግሪን አይተካም |
| አጭር ሰርተፍኬት | ከ1 ሳምንት እስከ 3 ወር | በጊዜው ልክ ከፍተኛ | የራስ ሥራ ከተወሰደ አለ | ውስን | በተሳታፊዎቹ ይወሰናል | ለሥራ አጥ አይጠቅምም |
| የምግብ ፖሊሲ ማስተርስ | 1 ወይም 2 ዓመት | ከፍተኛ፤ ስኮላርሺፕ አለ | ጥሩ | ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል | ልምምድ ካለው ጥሩ | ዲግሪ ነው፤ ስሙ ሊያሳስት ይችላል |
| አጠቃላይ የፖሊሲ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ሕግ ማስተርስ | 1 ወይም 2 ዓመት | ከፍተኛ፤ ስኮላርሺፕ አለ | በጣም ጥሩ | ጥልቅ | መካከለኛ | በሰፊው የታወቀ ዲግሪ፤ የምግብ ዕውቀት በራስ ጥረት |
| ፌሎሺፕና ልምምድ | በአብዛኛው ከ3 እስከ 12 ወር | ዝቅተኛ፤ ካልተከፈለ ግን ከባድ | በጣም ጥሩ | በሥራ ላይ የሚለመድ | ከፍተኛ | የዜግነትና የዕድሜ ገደብ |
| የጀማሪ ባለሙያ መግቢያ | በአብዛኛው ከ1 ዓመት በላይ | ገቢ አለው | ጥሩ | አስቀድሞ ይጠበቃል | ከፍተኛ | ጠንካራ ውድድር |

## ለየትኛው ሰው የትኛው?

ገንዘብም ልምድም የሌለው አዲስ ተመራቂ ከሁለትና ከሦስት በማይበልጡ ነጻ ኮርሶች ይጀምር፤ ከዚያ በኋላ በማዘጋጃ ቤት፣ በገበሬ ማኅበር ወይም በሸማቾች ድርጅት ውስጥ ትንሽም ቢሆን የጽሑፍ ሥራ ያለበት ቦታ ይፈልግ። በዚያ የሚገኘው የሁለት ዓመት ልምድ ዝግ የነበሩትን የነጻ ትምህርት ዕድሎች ይከፍታል። ልምድ የማይጠይቁትን ሙሉ ድጋፍ ያላቸው የጋራ ማስተርሶች ጎን ለጎን ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን በብድር ውድ ማስተርስ መጀመርን አልመክርም። የመነሻ ደመወዙ በመንግሥትና ለትርፍ ባልቆሙ ድርጅቶች ዘንድ ከፍ ያለ ስላልሆነ ብድሩ ሥራ መምረጥን ይከለክላል።

ዓመታት በመስክ የሠራ የግብርና ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ጉዳዩን ያውቀዋል፤ የጎደለው የበጀት፣ የሕግና የድርድር ቋንቋ ነው። ለእርሱ አጠቃላይ የፖሊሲ ማስተርስ፣ በአንድ ዓመት የሚያልቅ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ፣ የተሻለ ነው። በአንጻሩ የኢኮኖሚክስ ወይም የሕግ ሰው ሌላ ዲግሪ ላያስፈልገው ይችላል፤ የምግቡን ይዘት በነጻ ኮርሶችና በአንድ ፌሎሺፕ ሊሞላው ይችላል፣ ይህም ከሁሉ ርካሹ መንገድ ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ከቦታው መልቀቁ ትልቁ ወጪው ነው። ረቂቁን ይዞ የሚሄድበት አጭር ሰርተፍኬት ወይም በትርፍ ሰዓት የሚሰጥ ማስተርስ ይስማማዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ወጪውን እንዲሸፍን ሲጠይቅም «ሥልጠናው ሲያልቅ ይህ ሰነድ ተጠናቆ ይመጣል» ብሎ ቢያመለክት የመፈቀድ ዕድሉ ይሰፋል። የቤተሰብ ኃላፊነት ኖሮበት ከሚኖርበት ከተማ መራቅ የማይችል ሰው ደግሞ የርቀት ማስተርስን ሲመርጥ አንድ ነገር ያጣራ፦ አማካሪው በጽሑፉ ላይ በምን ያህል ጊዜ አስተያየት እንደሚሰጥ በደንቡ ተጽፏል ወይ?

በዓለም አቀፍ ድርጅት መሥራት ዋና ዓላማው የሆነ ሰው ዕድሜውን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ያመሳክር። የሠላሳ ሁለት ዓመቱ ገደብ ሳይደርስ ማመልከት የሚፈልግ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው የሁለት ዓመት ማስተርስ ጀምሮ ሲጨርስ የሚቀረው የአንድ ዓመት ዕድል ገደማ ነው። ከእንግሊዝኛ ሌላ ከተባበሩት መንግሥታት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱን መማርም ከአንድ ተጨማሪ ሰርተፍኬት ይልቅ ሊጠቅመው ይችላል።

## ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ

ለፕሮግራሙ አስተባባሪ በጽሑፍ የሚላኩ አራት ጥያቄዎች አሉ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎች የጻፉት አንድ የፖሊሲ ማስታወሻ ማየት ይቻላል? ከተመረቁ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሰዎች የት ይሠራሉ፣ ከመካከላቸውስ አንዱን ማነጋገር ይፈቀዳል? ልምምዱ በፕሮግራሙ ይመቻቻል ወይስ ተማሪው ራሱ ይፈልጋል? በማስታወቂያው ላይ ስማቸው የተጠቀሰው መምህራን በሚመጣው ዓመት በእርግጥ ያስተምራሉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ታዋቂ ተመራማሪ በረጅም የምርምር ፈቃድ ላይ ሳለ በስሙ ተስበው የተመዘገቡ ተማሪዎች ሞልተዋል። ለሁሉም ጥያቄዎች በአንድ ወር ውስጥ ግልጽ መልስ ካልመጣ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ሲላክም የሚጠበቀው ፍጥነት ከዚህ የተሻለ አይሆንምና የቅድሚያ ክፍያውን ማቆየት ይሻላል።